የገዛነው በሬ እና የተከራየነው መጽሐፍ

በማንኩሳ ለተሰበሰቡ መምህራን፣ ተማሪዎችና የንባብ ወዳጆች የቀረበ ዲስኩር



ጥሪው ሲደርሰኝ «መጥተህ ስለ መጽሐፍ አንድ ነገር ንገረን» የሚል ነበር። ማንኩሳ ላይ ቆሞ ስለ መጽሐፍ መናገር ድፍረት እንደሆነ አላጣሁትም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚሁ እናንተ አገር ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በወረቀት ላይ የተፈጠሩ ሰዎች ቢሆኑም፣ የእናንተ ጎረቤቶች ሆነው ቀርተዋል። መጽሐፉን ሳያነብ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማው ሰው ደግሞ ካነበበው አያንስም። ስለዚህ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ ልተርክ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ መጽሐፉ ቁልፍ ላወራችሁ ነው።

መጽሐፍ ቁልፍ አለው እንዴ? ትሉኝ ይሆናል። የወረቀቱ የለውም። በስልክ የሚነበበው፣ በስልክ የሚደመጠው፣ በኮምፒውተር የሚከፈተው ግን ብዙ ጊዜ አለው። ቁልፉን የሠራው ሻጩ ነው፤ መክፈቻውም ከሻጩ ዘንድ ይቀራል። የዛሬው ርእሴ ይህ ነው፦ ዲጂታል ቁልፍ እና የገዢ መብት። በአምስት ነጥብ እሄድበታለሁ። አንደኛ፣ አባቶቻችን ቅጂን እንዴት ይጠብቁ እንደነበር፤ ሁለተኛ፣ የዛሬው ቁልፍ ምን እንደሆነ፤ ሦስተኛ፣ የአገራችን ሕግ ለገዢው ምን እንደተወለት፤ አራተኛ፣ ቁልፉና ሕጉ ሲጋጩ ምን እንደሚሆን፤ አምስተኛ፣ የእኛው የራሳችን ጥፋት።

ሁሉን መያዝ ያልቻለ ሰው አንዲት ዐረፍተ ነገር ይዞ ቢሄድ ይበቃኛል፦ ደራሲ በድካሙ ይብላ፤ ገዢም በገዛው ይዘዝ።

አንደኛ። ቅጂን መጠበቅ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ቁም ጸሐፊው ቆዳውን ዳምጦና ፍቆ ብራና ያወጣል፤ መቃ ብዕሩን ይቀርጻል፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ይበጠብጣል፤ ከዚያ ወራት ተቀምጦ ይጽፋል። ሥራውን ሲጨርስ መጽሐፉ ላይ ግዝት ያኖራል፤ የሰረቀውም፣ የፋቀውም ውጉዝ ይሁን ይላል። የዚያ ዘመን ቁልፍ ግዝት ነበር። ግን ልብ በሉልኝ፤ ግዝቱ ያረፈው በማን ላይ ነው? በሰረቀውና በፋቀው ላይ። የገለበጠውን አልነካም። እንዲያውም ለጸሐፊው ቀለቡንና ዋጋውን ችሎ መጽሐፍ ያስገለበጠ፣ ለደብሩም የሰጠ ሰው ስሙ በመጽሐፉ ላይ ተጽፎ ይታሰብ ነበር። ግዝቱ መጽሐፉን ጠበቀ፤ አንባቢውን ግን በር ላይ አላስቆመም።

ሁለተኛው ምስክሬ ቅኔ ነው። እናንተ የዋሸራና የጎንጅ ጎረቤቶች ናችሁና ለእናንተ ቅኔ ቤት ምን እንደሆነ አልነግርም። ተማሪው ሲቆጥር ያደረውን ለመምህሩ ያሰማል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ መምህሩ ለይተው ያውቁታል፤ ጓደኞቹም በዓይን ይጠቃቀሱበታል። ይህ ነውር ነው። ነገር ግን የመምህሩን ወይም የጓደኛውን ቅኔ ሰምቶ በቃሉ ቢይዝ፣ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዶ «የእገሌ ቅኔ ነው» ብሎ ቢያሰማ፣ ማን ይከሰዋል? እንዲያውም ባለቅኔው በዚህ ነው የሚታወቀው። ደግሞ ቃሉን እዩት። በገበያ «ዘረፈ» ሲባል የሰው ወሰደ ማለት ነው፤ በማኅሌት «ቅኔ ዘረፈ» ሲባል ከራሱ አፍልቆ ለሕዝብ ሰጠ ማለት ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ዘረፋ። የዛሬው ክርክር ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ከመለየት አይወጣም።

ከአባቶቻችን የምንወስደው ትምህርት እንግዲህ ሁለት ነው። የሠራውን ሰው ስምና ዋጋ አትካድ፤ የሚማረውንና የሚያስተምረውን ሰው ደግሞ አትከልክል። ደራሲ በድካሙ ይብላ፤ ገዢም በገዛው ይዘዝ።

ሁለተኛ። የዛሬው ቁልፍ ምንድን ነው?

ከቡሬ ገበያ በሬ ገዛችሁ እንበል። ገንዘቡን ቆጥራችሁ ሰጣችሁ፤ ገመዱን ተቀበላችሁ። ሻጩ ግን እንዲህ ይላችኋል፦ «በዚህ በሬ የምታርሱት በራሳችሁ መሬት ብቻ ነው፤ ለጎረቤት መቀናጆ አትሰጡትም። ቡሬ ላይ ያርሳል፤ ፍኖተ ሰላም ከገባ ግን ይተኛል። ልጃችሁ ሊወርሰው አይችልም። እኔ ደግሞ ካለሁበት ሆኜ ካፏጨሁ ገመዱን ጥሎ ወደ እኔ ይመለሳል።» ይህን በሬ ትገዙታላችሁ? ሳቃችሁን እሰማለሁ። ይሁን እንጂ በስልካችሁ «ግዛ» የሚለውን ተጭናችሁ የምትወስዱት መጽሐፍና ዘፈን ብዙ ጊዜ እንደዚህ በሬ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ሻጩ መጽሐፉን ወይም ዘፈኑን ያለ መክፈቻ በማይነበብ ምስጢራዊ ጽሑፍ ለውጦ ይልክላችኋል። መክፈቻው የሚቀመጠው በሻጩ መተግበሪያ ውስጥ ወይም በሩቅ ባለ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። እናንተ ልትከፍቱት ስትሉ መተግበሪያው ይጠይቃል፤ ይህ ሰው ከፍሏል? ይህ ስልክ የተመዘገበው ስልክ ነው? ያለበት አገር የተፈቀደ አገር ነው? መልሱ ደስ ካላሰኘው አይከፍትም። አንዳንዱ አንድ ጊዜ ጠይቆ ይተዋችኋል። አንዳንዱ ግን በየጊዜው ይጠይቃል። ኔትወርክ በጠፋ ቀን የከፈላችሁበት መጽሐፍ ከእጃችሁ ላይ ሆኖ ዲዳ ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያሉት አባቶቻችን መጽሐፍ በደመና ላይ እንደሚቀመጥ ቀድመው ያወቁ ይመስላል።

አሁን ለሻጩና ለደራሲው ልቁምላቸው፤ ፍርድ በአንድ ወገን ቃል አይሰጥምና። በሬ አይባዛም። መቀናጆ የሰጠ ሰው በዚያ ቀን እርሱ አያርስም። መጽሐፍ በስልክ ሲሆን ግን እናንተም ጋ ይቀራል፣ ጎረቤትም ጋ ይደርሳል፤ ከጎረቤት ወደ ሺህ ሰው ለመሄድ አንድ ምሽት አይፈጅበትም። ደራሲው ዓመታት የደከመበት ሥራ በነጋታው በነፃ ሲዞር ቢያይ መቆለፍ ቢያምረው አይፈረድበትም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው።

ቅጂ የማያስወጣ ቁልፍን ከእናንተ፣ ከገበሬ አገር ሰዎች፣ በተሻለ የሚያውቅ የለም። በዚህ አገር ቢኤች 660 የተባለውን የበቆሎ ዘር የማያውቅ ማን አለ? ድቃይ ዘር ነው፤ በባኮ ምርምር ማዕከል የተዳቀለ። አምና ከገዛችሁት ዘር ካገኛችሁት ምርት አስቀርታችሁ ዘንድሮ ብትዘሩ ይበቅላል፤ ግን እንደ አምናው አይሰጣችሁም። ስለዚህ በየዓመቱ ወደ ዘር ሻጭ ትመለሳላችሁ። ይህ ተፈጥሮ የሠራው ቁልፍ ነው፤ ማንንም ከሶ አይረታበትም። የዲጂታሉን ቁልፍ ግን ሰው አስቦ ነው የሠራው፤ ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊጠይቀው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481 አዳቃዩን ሲጠብቅ፣ ገበሬው ከምርቱ ላይ ዘር የማስቀረትና የመለዋወጥ መብት እንዳለውም አብሮ ጽፎ ነበር። ሕግ አውጪው የሁለቱንም ቤት አይቷል። ለገበሬው የታሰበው ለአንባቢውስ ታስቦለታል?

ሦስተኛ። አዎ፣ ታስቦለታል።

በአገራችን የደራሲ መብት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቦታ አግኝቶ ነበር። ዛሬ የምንተዳደርበት ግን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የሚገርመው፣ አዋጁ የወጣበት 1996 ዓ.ም. ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉበት ዓመት ነው። በዚህ አዋጅ የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አለው ማለት ነው። ፍቅር እስከ መቃብር ነው፤ የደራሲ መብት ግን መቃብርን አልፎ 50 ዓመት ይጓዛል።

ይህ የደራሲው ድርሻ ነው። አዋጁ ከዚያው ቀጥሎ ለእኛ የተወልንን ድርሻ ይዘረዝራል። አሜሪካኖች ይህን መሰሉን ፍትሐዊ አጠቃቀም ይሉታል። በጣታችሁ ቁጠሩልኝ።

የመጀመሪያው ለግል ጥቅም መቅዳት ነው። አንድ ሰው የታተመ ሥራን ለራሱ መጠቀሚያ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያነሳ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም። በሬዲዮ የሚተላለፍ ትረካ አምልጦት እንዳይቀር በካሴት ወይም በስልኩ ቀድቶ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ያዳመጠ ሰው ሌባ አይባልም። አሜሪካኖች ይህንኑ በቪዲዮ መቅጃ ላይ ተካሰውበት፣ በፈረንጆቹ 1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የቴሌቪዥን ፕሮግራምን በኋላ ለማየት ቤት ውስጥ መቅዳት ጥፋት አይደለም ብሎ ፈርዷል። ነገር ግን ድንበር አለው። መጽሐፍን ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ፎቶ ኮፒ ማንሳት በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው መጥቀስ ነው። ምንጩንና የደራሲውን ስም ተናግራችሁ፣ ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ያህል መጥቀስ ትችላላችሁ። ሦስተኛው ማስተማር ነው። መምህራን፣ ይህ ለእናንተ ነው፤ ለትምህርቱ የሚበቃውን ያህል ክፍል ምንጩን ጠቅሳችሁ አባዝታችሁ ለክፍላችሁ ብትሰጡ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። አራተኛው ቤተ መጻሕፍት ነው። ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት የጠፋውን ወይም ሊጠፋ የደረሰውን ቅጂ ለመተካትና ለማቆየት መቅዳት ይችላል። አምስተኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በሕጋዊ መንገድ የያዘው ሰው ቢጠፋበት ወይም ቢበላሽበት የሚተካው መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ይፈቀድለታል።

አምስቱንም ጣት ያዛችሁ? እነዚህ ከሻጩ የለመንናቸው ቸርነቶች አይደሉም። በነጋሪት ጋዜጣ የታተሙ ናቸው።

አራተኛ። ቁልፉና ሕጉ ሲጋጩስ?

ነገሩ የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ሕግ ዳኛ አለው፤ ዳኛው «ለምን ቀዳኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ቁልፍ ግን አይጠይቅም። መምህሩ ለክፍሉ አንዲት ገጽ ሊቀዳ ሲልም፣ ነጋዴው አሥር ሺህ ቅጂ ሊያወጣ ሲልም መልሱ አንድ ነው፤ አይቻልም። ሕጉ በግራ እጁ የሰጠንን ቁልፉ በቀኙ ይነጥቀናል። ያውም ያለ ዳኛና ያለ ይግባኝ። አሜሪካኖች በ1998 በራሳቸው አቆጣጠር ባወጡት ሕግ ቁልፍ መስበርን ራሱን የቻለ ጥፋት አደረጉት። ከሰበርክ በኋላ የምትሠራው ነገር የተፈቀደ ቢሆን እንኳ መስበርህ ብቻ ሊያስከስስህ ይችላል። በርህን ሰብረህ የገዛ ቤትህ ገባህ ተብሎ እንደመከሰስ ነው።

አራት ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የዲቪዲ ነው። ፊልም ሠሪዎች ዓለምን እንደ እርሻ ማሳ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጡት። አሜሪካ ቁጥር 1 ሆነች፤ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር ቁጥር 5 ደረሳት። ከዋሽንግተን ወንድም ለእህቱ ልጆች የእንግሊዝኛ መማሪያ ፊልም ገዝቶ በሻንጣ ይልካል። ኦርጅናል ነው፤ ዋጋው ተከፍሏል፤ ማንም አልተሰረቀም። እዚህ ማጫወቻው ውስጥ ሲገባ ግን «የአካባቢ ቁጥር ስህተት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። ገበያ ላይ የተቸበቸበው ኮፒ ግን ያለ ችግር ይጫወታል። ማን ተቀጣ? የከፈለው።

ሁለተኛው በፈረንጆቹ 2005 የሆነ ነው። ሶኒ ቢኤምጂ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሲዲዎቹ እንዳይቀዱ ሲል፣ ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ በከተተ ሰው ማሽን ላይ የተደበቀ ፕሮግራም የሚጭን ቁልፍ ሠራ። ፕሮግራሙ ለሌሎች ተንኮለኞች በር የሚከፍት ሆኖ ተገኘ፤ ኩባንያውም ተከሶ ሲዲዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ኦርጅናሉን የገዛው ታመመ፤ ኮፒውን የገዛው ዳነ።

ሦስተኛው በ2009፣ እንዲሁ በፈረንጆቹ፣ በአማዞን የኪንድል ማንበቢያ ላይ የሆነ ነው። መብቱ የሌለው አከፋፋይ የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፣ «1984»ን እና «አኒማል ፋርም»ን፣ በአማዞን መደብር ሲሸጥ ተገኘ። አማዞን ምን አደረገ? ሰዎች ከፍለው የወሰዱትን መጽሐፍ ከሩቅ ሆኖ ከማንበቢያቸው ላይ አጠፋው። ገንዘቡን መልሷል፤ የኩባንያው አለቃም ኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ግን ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ መጽሐፉን ያጣ ሰው ነበር። አንድ ተማሪ ለትምህርት ቤት ሥራው በመጽሐፉ ላይ የያዘው ማስታወሻ ዋጋ አጥቶበት ከሷል። ደግሞ እዩት፤ «1984» መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ እያስፋቀ ትናንትን ስለሚለውጥበት አገር የሚያወራ መጽሐፍ ነው። ቅድም ያልኳችሁ ሻጭ አፏጨ፤ በሬውም ገመዱን ጥሎ ሄደ። ማይክሮሶፍትም በፈረንጆቹ 2019 የዲጂታል መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ገንዘብ መለሰ እንጂ መጽሐፎቹ ከደንበኞቹ ዘንድ አልቀሩም። የወረቀት መጽሐፍ የሸጠላችሁ ሱቅ ቢዘጋ መጽሐፉ ከመደርደሪያችሁ ይነሣል?

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ወደ ልቤ የሚቀርበው ነው። ዓይነ ስውር አንባቢ መጽሐፍን በኮምፒውተር ድምፅ ይሰማዋል፤ ወይም ወደ ብሬል ያስለውጠዋል። የተቆለፈ መጽሐፍ ግን ድምፅ አንባቢውን ፕሮግራም ልክ እንደ ሌባ ሊመልሰው ይችላል። ለዚህ ነው በፈረንጆቹ 2013 በሞሮኮዋ ማራካሽ አገሮች ተሰብስበው ለዓይነ ስውራን የሚሆን ቅጂ እንዲዘጋጅና ከአገር አገር እንዲሻገር የሚፈቅድ ስምምነት የተፈራረሙት። በስምምነቱ ውስጥ ቁልፍን የሚጠብቅ ሕግ ለዓይነ ስውራን የተሰጠውን መብት እንዳይዘጋባቸው አገሮች ማረጋገጥ አለባቸው የሚል አንቀጽ አለ። ኢትዮጵያም በፈረንጆቹ 2020 የዚህ ስምምነት አባል ሆናለች። እንግዲህ ዓለም በአንድ ነገር ተስማምቷል ማለት ነው፦ ቁልፍ ከሰው መብት በላይ አይሆንም። በዓይነ ስውሩ የተጀመረው በመምህሩና በቤተ መጻሕፍቱ የማይቀጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

አምስተኛ። አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

እስካሁን ስናገር ጭብጨባው ጥሩ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ይቀዘቅዝ ይሆናል። ከመናኸሪያው ጎን ያለውን ሱቅ ታውቁታላችሁ። ፍላሽ ይዛችሁ ትገባላችሁ፤ «የዘንድሮውን ሁሉ ጫንልኝ» ትላላችሁ። በጥቂት ብር መቶ ዘፈን ጭናችሁ ትወጣላችሁ። ከመቶው ዘፋኝ፣ ከመቶው ግጥም ጸሐፊ፣ ከመቶው አቀናባሪ ለአንዱም ሳንቲም አልደረሰውም። ይህን ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ብላችሁ ከእኔ ንግግር እንዳትጠቅሱ! ለራስ አንድ ቅጂ ሌላ ነው፤ የሰውን ሥራ አባዝቶ መነገድ ሌላ ነው።

ቴሌግራምም እንዲሁ ነው። መጽሐፍ አዲስ አበባ ታትሞ ማንኩሳ ሳይደርስ፣ ገጽ በገጽ ተነሥቶ ፒዲኤፉ እዚህ ይደርሳል። ላኪው «እውቀት ለሁሉም» ብሎ ይጽፍበታል፤ ልቡም ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ የማሳተሚያ ገንዘብ ደራሲው ከየት ያመጣል? የሰው ወርቅ አያደምቅም። ቅድም ስለ ቅኔ ቤት ያነሳሁትን አስታውሱ፤ የሰውን ሥራ ይዞ መመላለስ ያስከበረው የባለቤቱ ስምና ዋጋ ሳይካድ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለራሴም ለእናንተም እውነቱን ልናገር። ፒዲኤፉ የሚዞረው ሌባ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ ስለማይደርስም ነው። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ልብ ወለድ ለመግዛት ባሕር ዳር መሄድ ያለበትን ተማሪ ቁልፍ መሥራት ፒዲኤፉን አያስተወውም። ዓለም ይህን ከተማረ ቆይቷል። አፕል በኢንተርኔት ይሸጣቸው ከነበሩት ዘፈኖች ላይ በፈረንጆቹ 2009 ቁልፉን አነሣ፤ የሙዚቃ ገበያው ግን አልሞተም። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ይዘው ሲመጡ ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ሰው በስልኩ፣ በቅርቡ፣ በአቅሙ መግዛት ከቻለ ይገዛል። ኤልያስ በተከታዩ ዓመት መግቢያ በሞት ቢለየንም ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ለስርቆት ጥሩው መድኃኒት ቅርብ የሆነ ሱቅ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በአጭሩ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ነገር ልተውላችሁ።

ገዢዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ይከፈታል? ስልኬ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ በሌላ ስልክ አገኘዋለሁ? ሱቁ ቢዘጋ ይቀርልኛል? ለልጄ ማውረስ እችላለሁ? መልሱ «አይሆንም» ከሆነ እየተከራያችሁ ነውና በኪራይ ዋጋ እንጂ በግዢ ዋጋ አትክፈሉ። ሻጩም «ግዛ» ብሎ ጽፎ እንዳያከራያችሁ ጠይቁት።

መምህራን፣ የአዋጁን የመጥቀስ፣ የማስተማርና የቤተ መጻሕፍት አንቀጾች አትማችሁ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለጥፏቸው። የማያውቁትን መብት የሚከላከል የለም። ለተማሪም ምንጭ መጥቀስን ከመጀመሪያው ድርሰቱ ጀምራችሁ አስለምዱት።

ደራሲያንና አሳታሚዎች፣ ሥራችሁን ጠብቁ፤ እኛም አብረን እንጠብቅላችኋለን። ግን የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን እንዳትጥሉ፤ ታማኙ ገዢያችሁ ነው በብብታችሁ ያለው። ሌባውን ለመያዝ ስትሉ እርሱን አታስከፉት።

ሕግ አውጪዎች ደግሞ፣ የዲጂታል ቁልፍ ጉዳይ በአገራችን ሕግ በሚረቀቅበት ወይም በሚሻሻልበት ጊዜ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዳትረሱ፦ ለተፈቀደ ተግባር ቁልፉን የከፈተ ሰው አይቀጣም። ገዢው፣ መምህሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ዓይነ ስውሩ በአዋጅ ያገኙትን መብት አንድ ኩባንያ በፕሮግራም እንዳይሽርባቸው።

ወገኖቼ፣ ሰዓቴ አልቋል። ከወጣችሁ በኋላ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እቤት ስትገቡ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመደርደሪያ አውርዱት፤ ከሌላችሁ ጠይቃችሁ ተዋሱት። ጠርዙ ያለቀ፣ የሦስት ሰው ስም የተጻፈበት፣ ገጹ በሻማ ሰም የተንጠባጠበበት ይሆናል። ያ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተገዝቷል፤ ደራሲው ዋጋውን አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲሄድ ማንንም አላስፈቀደም። ልጆቻችሁ በስልክ የሚገዙትም መጽሐፍ እንዲህ ማርጀት መቻል አለበት።

ደራሲ በድካሙ ይብላ፤ ገዢም በገዛው ይዘዝ።